የ17 ቁልፍ

ጎረቤታችን «ልጅህ የት ደረሰ?» ባሉኝ ቁጥር «ፕሮሰስ ላይ ነው» እላቸው ነበር። የምን ፕሮሰስ እንደሆነ እሳቸውም አይጠይቁ፣ እኔም አልናገር። እውነቱን ለመናገር ልጄ ጋራዥ ገብቶ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ገደማ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። የእኔው ከቀሪዎቹ ጋር ነው። የሰው ልጅ ቢሆን «ጥፋቱ የትምህርት ሥርዓቱ ነው» ብዬ እጽፍበት ነበር። የራሴ ሲሆን ግን ጥፋቱ የልጁ ሆነ። «የአስተማሪ ልጅ በግሪስ ተለውሶ!» አልኩት አንድ ማታ። እራቱን ሳይበላ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ወሬያችን «በሩን ዝጋ» እና «እሺ» ብቻ ሆነ።

የሚያሳፍረው፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸውን ሳስተምር ኖሬያለሁ። የአማርኛ ስድ ንባብ ናሙና ነው እያልኩ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አነበብኩላቸው! በቋንቋው ስደነቅ፣ ቃሉ ለእኔም መሆኑ አልታየኝም።

ግቢያችን ውስጥ ከአባቴ የወረስኳት አንዲት ቮልስ አለች። ሞተሯ ከሞተ ቆይቷል፤ ዶሮ ነበር የሚያድርባት። ባለፈው ሚያዝያ ልጄ በቆጠባት ገንዘብ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መጣ። «እሑድ እንቀይረዋለን» አለኝ። «እንቀይረዋለን» ማለቱን ልብ በሉልኝ።

ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የምትቀዘቅዘውም በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም። የባትሪውን ገመድ ነቀለ፤ የቤንዚን ቱቦውን ደፈነ፤ ሽቦዎቹንና የነዳጅ መስጫውን ገመድ ፈታ። ከዚያ በኋላ ከ100 ኪሎ የሚበልጠውን ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዙት 4 ብሎኖች ብቻ ናቸው። ችግሩ የላይኞቹ ሁለቱ ላይ ነው። አንድ ሰው ከላይ እጁን ከማራገቢያው ጀርባ አሾልኮ ይይዛል፤ ሌላው ከሥር ተኝቶ በ17 ቁልፍ ይፈታል። ሁለቱ አይተያዩም።

እሱ ከሥር፣ እኔ ከላይ።

«ያዝክ?»

«ይዣለሁ።»

«አሁንስ?»

«እየዞረ ነው።»

በ8 ወር ውስጥ ይህን ያህል አውርተን አናውቅም።

አሮጌውን በክሪክ አወረድነው። አዲሱን ማስገባቱ ነው ጉዱ። የካምቢዮው ዘንግ ጥርስ ከፍሪሲዮኑ ዲስክ ጥርስ ጋር ካልተገናኘ፣ ሞተሩ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው ቀጥ ይላል። «ብሎኑን እናጥብቀው፤ እየሳበ ያስገባዋል» አልኩ፣ እንደ አዋቂ።

«አባዬ፣ አታስገድደው» አለ ከሥር። «ዲስኩ ይበላሻል። ማርሽ ውስጥ ነው፤ ፑሊውን ቀስ አድርገህ አዙረው። ቦታውን ራሱ ያገኛል።»

10ኛ ክፍል ሳለ «ቴክኒክና ሙያ ልግባ» ሲለኝ፣ «መጀመሪያ 12ን ጨርስ!» ብዬ የጮኽኩበት ትዝ አለኝ። ፑሊውን ቀስ ብዬ አዞርኩት። ኳ አለና ገባ። ፊቱን አላየሁትም፤ ደግነቱ እሱም የእኔን አላየም።

አመሻሽ ላይ ቮልሷ ግቢውን በጭስ ሞልታ ተነሳች። ጎረቤታችን ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ወጡ።

«ማነው የሠራት?»

«ልጄ ነው። መካኒክ ነው» አልኳቸው።

ልጄ እጁን በቤንዚን እየታጠበ ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለም። ቆይቶ ግን፣ «ገና አልጨረስንም። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። የግዢውን ወረቀት ይዘህ ሄደህ አስለውጥ፤ የወረቀት ሥራ ያንተ ነው» አለኝ።

ይኸው ስመላለስ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ጎረቤታችን ትናንትም «የት ደረሰ?» አሉኝ።

«ፕሮሰስ ላይ ነው» አልኳቸው። ስለ ሊብሬው ነው።