ከሰ ሸ፣ ከተ ቸ

ሰው አስቦ የፈጠራቸውን ቋንቋዎች ባየሁ ቁጥር ለፊደላችን ያለኝ ፍቅር ይጨምራል።

የዓይን ሐኪሙ ዛመንሆፍ በ1887 እ.ኤ.አ. ኤስፔራንቶ የተባለውን ቋንቋውን ለዓለም ሲያቀርብ የላቲኑ ፊደል አልበቃውም። ስለዚህ “ኤስ” ላይ ቆብ ደፍቶ የ“ሽ”ን ድምፅ አወጣ። የእኛ ሊቃውንትም በግዕዝ የሌለ ድምፅ ሲገጥማቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሰ ላይ ጭረት ጨምረው ሸን፣ ከተ ቸን፣ ከነ ኘን፣ ከዘ ዠን አገኙ። ያውም እሱ ከመወለዱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት!

በ2009 እ.ኤ.አ. ለወጣው “አቫታር” ፊልም የናቪን ቋንቋ የፈጠረው ፖል ፍሮመር ደግሞ፣ ለሌላ ዓለም ሰዎች ከመረጣቸው ድምፆች መካከል ጰ፣ ጠ እና ቀ ይገኙበታል። እሱ በላቲን ሲጽፋቸው ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ፊደል ይደረድራል፤ እኛ በአንድ እንጨርሰዋለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተዋናዮች ተለማምደው ያወጧቸውን እነዚህን ድምፆች የእኛ ሕፃናት ከእናታቸው አፍ ይለቅሟቸዋል።

ናቪ እንደ “እርስዎ” ያለ የማክበሪያ ተውላጠ ስምም አለው። ዛሬ የሚነገረው ኤስፔራንቶ ግን ሽማግሌውንም ሕፃኑንም፣ አንዱንም ብዙውንም “ቪ” ብሎ ይጠራል። እኩልነቱን አከብራለሁ፤ እኔ ግን አያቴን “አንቺ” ለማለት አንደበቴ አይታዘዘኝም።

ልጆቻችንን ሀ ሁ ስናስቆጥር የሸ ጭረት የሰው ጥበብ ውጤት መሆኑንም እንንገራቸው። የሚያኮራ ታሪክ ነው።