ብረትም ይሞቀዋል

በዚህች በእጅ በምትጻፍ መድረካችን ስለ አገርና ስለ ናፍቆት ብዙ ተብሏል። በጅቡቲ ከተማ በቶርኖ ቤት የምንሠራ እኛ ጥቂቶች ደግሞ እጃችን ስለሚያውቀው ነገር፣ ይኸውም ስለ መለኪያ፣ ልናወጋችሁ ወደናል።

አባቶቻችን በጋት፣ በስንዝርና በክንድ ለክተው ቤት ሠርተዋል። ለብረት ግን ይህ አይበቃውም። አዲስ አበባ የተማርነው ካሊፐርና ማይክሮሜትር እንል ነበር፤ እዚህ ስንደርስ አንዱን «ፒዬ አ ኩሊስ»፣ ሁለተኛውን «ፓልመር» ሲሉ ሰማን። ፓልመር የሰው ስም ነው፤ ፈረንሳዊው ዣን ሎራን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1848 የፈጠራ መብት ያገኘበት መሣሪያ ነው። የድሬዳዋ ልጆች ግን ቃሉ አልከበዳቸውም፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው ባቡር ፈረንሳይኛውንም አብሮ አድርሶላቸው ነበርና።

የማይክሮሜትር ምሥጢሩ ብሎን ነው። አንድ ጊዜ ሲዞር ግማሽ ሚሊሜትር ይጓዛል፤ የሚዞረው እጀታ በ50 ስለተከፈለ አንዷ ጭረት 0.01 ሚሊሜትር ናት። ይህን ያህል ረቂቅ ዕቃ ታዲያ በዚህ አገር ትልቅ ጠላት አለበት፤ እርሱም ሙቀት ነው። የብረት ዕቃ ልኬት በዓለም ስምምነት የሚቆጠረው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። እዚህ በሐሩሩ ወራት ሙቀቱ ከ40 ያልፋል። አንድ ሜትር ብረት ደግሞ በያንዳንዱ ዲግሪ 0.0115 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል።

ይህች ምን አላት የሚል ቢኖር ይስማን። ለውሃ ፓምፕ ባለ 50 ሚሊሜትር ሻፍት እናወጣለን እንበል። ኩሽኔታው ጠበቅ ብሎ እንዲቀመጥ፣ በአንድ በተለመደ የአገጣጠም ደረጃ ሻፍቱ ከ50.002 ማነስ፣ ከ50.018 መብለጥ የለበትም። ከቶርኖው ገና የወረደውን፣ 80 ዲግሪ የሞቀውን ሻፍት፣ 40 ዲግሪ ላይ ባለ ማይክሮሜትር ብንለካው 50.018 ይለን ይሆናል። ሲበርድ ግን 0.023 ያህል ይቀንስና 49.995 ላይ ይቀራል። ኩሽኔታው ይላላል፣ ሻፍቱን ይበላዋል፣ ፓምፑም ይቆማል። ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው የቆመ ፓምፕ ምን ማለት እንደሆነ ከኛ አይማርም።

መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ሥራውንና መለኪያውን በጥላ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ሙቀታቸው እስኪስተካከል ማቆየት። ሁለቱም ብረት ናቸውና እኩል ከሞቁ እኩል ይረዝማሉ፤ ልዩነቱም ይጠፋል። አሉሚኒየም ግን ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚረዝም በዚህ ዘዴ አይታመንም።

የባሕሩ ጨውና ካምሲን የሚያመጣው አሸዋም ሌሎች ጠላቶች ናቸው። ስለዚህ ከመለካታችን በፊት የመለኪያውን አፍ እንጠርጋለን፤ ገጥመንም ዜሮውን እናያለን። በሚዞር ሥራ ላይ አንለካም። ማታ የእጃችንን ላብ ጠርገን፣ ስስ ዘይት ቀብተን፣ የማይክሮሜትሩን አፍ ጥቂት ከፈት አድርገን በሣጥኑ እናስተኛዋለን።

ይህን ሁሉ የምንጠነቀቀው ለብረቱ ብለን ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን የሙያ ምስክር ወረቀታችን አገር ቤት ወይም መንገድ ላይ ቀርቷል። ባለ ቶርኖ ቤቱ «ምን ትችላላችሁ?» ሲል የምናሳየው የለንም፤ ሻፍት ይሰጠናል፣ በልኩ ሠርተን እንመልስለታለን። አንድ ኩሽኔታ ቢላላ ስሙ የሚነሣው የአንዱ ሠራተኛ አይሆንም፤ «ስደተኞች እንዲህ ናቸው» ይባላል። በዚህ ምክንያት አንዳችን የለካውን ሌላችን ሳይደግመው ሥራ ከቤት አይወጣም።

ወጣቶች ሆይ፤ ዓርብ ወደ ሠፈሩ ስንመጣ መማር የሚሻ ሁሉ ይምጣ። ካሊፐሩን እኛ እናመጣለን፤ እናንተ ንጹሕ ጨርቅ ይዛችሁ ጠብቁን።