ስሙ ለሚታወቅ እንግዳ

ሜክሲኮዎች ኖቬምበር 1 እና 2፣ በእኛ ጥቅምት 22 እና 23 ገደማ፣ ሙታናቸውን ቤታቸው ይቀበላሉ። ስለ «ዲያ ዴ ሙዌርቶስ»፣ ስለ ሙታን ቀን፣ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ያጌጠው የራስ ቅል ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ጠረጴዛው ነው። ኦፍሬንዳ በሚሉት በዚህ ጠረጴዛ ላይ የሟቹ ፎቶ ይቆማል፤ ከፊቱም በሕይወት ሳለ ይወደው የነበረው ይቀርባል። ሞሌ የተባለውን ወጥ ለሚወድ ሞሌ፣ ተኪላ ለሚቀምስ ተኪላ፣ አጫሽ ለነበረ ሲጋራ። ከሩቅ የመጣ ይጠማዋልና ውሃ አይቀርም። ጨው አለ፣ ሻማ አለ፣ ኮፓል የሚባለው ዕጣን ይጨሳል። ሴምፓሱቺል የተባለው ብርቱካናማ አበባ እየተቀነጠበ ከደጃፍ ጀምሮ እስከ ጠረጴዛው ይነሰነሳል፤ ቀለሙና ሽታው ሟቹን መንገድ ይመራዋል ይላሉ።

ይህን ማሰናዳት የሚችለው ሟቹን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። አባትህ ቡናውን በምን ይጠጣ እንደነበር ካህን አይነግርህም፣ መጽሐፍ አይነግርህም። የበዓሉ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚጠበቁት «ሙታን» በጅምላ አይደሉም፤ የሚጠበቀው እሱ ነው፣ ወይም እሷ ናት።

*

ቀድመው የሚመጡት ሕፃናት ናቸው። በብዙ አካባቢ የመጀመሪያው ቀን የእነሱ ነው፤ «አንሄሊቶስ»፣ ትንንሽ መላእክት፣ ይሏቸዋል። ምግባቸው ላይ ቃሪያ አይበዛም፤ ጣፋጭና መጫወቻ ይጨመርላቸዋል። አዋቂዎቹ በማግስቱ ይከተላሉ።

ልጅ የሞተባት እናት በብዙ አገር «እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» ተብላ ዝም እንድትል ይጠበቅባታል። እዚህ ልጇ የራሱ ቀን አለው፣ የራሱ ሳህን አለው፣ ስሙንም ጮክ ብላ ትጠራዋለች።

*

በፑዌብላ ግዛት፣ በዋኬቹላ ከተማ፣ በዓመቱ ውስጥ ሰው የሞተበት ቤት በነጭ ሳቲን የተሸፈነ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ትልቅ መሠዊያ ያቆማል። በሩ ክፍት ነው። ሟቹን አይቶት የማያውቅ እንኳ ሻማ ወይም አበባ ይዞ ይገባል፤ ቤተሰቡ አብልቶ ይሸኘዋል። ወጪው ከባድ ነው። ተዝካር አውጥቶ የሚያውቅ አንባቢ ድካሙን አይስተውም። ነገር ግን እኛ ስለ ሟቹ ነፍስ ብለን የምናበላው ካህኑንና ድሃውን ነው። እዚያ የክብር እንግዳው ሟቹ ራሱ ነው፤ ሕያዋኑ ከእሱ ጋር ይታደማሉ።

*

በካምፔቼ ግዛት ፖሙች በምትባል ከተማ የማያ ቤተሰቦች፣ ከሞተ ጥቂት ዓመታት ያለፉትን የዘመዳቸውን አጥንት በየዓመቱ ከሣጥኑ አውጥተው ያጸዳሉ፤ የሚያርፍበትን ጥልፍ ጨርቅም በአዲስ ይለውጡለታል። ዘግናኝ የሚሆነው ከውጭ ለሚያይ ነው። ለሚያጸዳው ልጅ ግን እናቱን ታማ ሳለች ያጥብ ከነበረው የተለየ ሥራ አይመስለኝም።

*

በ2015 የወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም፣ «ስፔክተር»፣ የሚጀምረው በሜክሲኮ ሲቲ አደባባይ በሚካሄድ ታላቅ የአጽም ሰልፍ ነው። እንዲህ ያለ ሰልፍ በከተማዋ አልነበረም። በማግስቱ ዓመት፣ በ2016፣ ከተማዋ የፊልሙን ሰልፍ እውነተኛ አደረገችው፤ አሁን በየዓመቱ ይካሄዳል። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ2013፣ ዲዝኒ የበዓሉን ስም ለፊልም ንግድ ምልክትነት ሊያስመዘግብ አመልክቶ፣ ቁጣ ሲነሳበት ትቶታል።

ሰልፉን አልጠላውም፤ ልጆች ይደሰቱበታል፣ ነጋዴውም ይሸጥበታል። ሆኖም በዚያ ሰልፍ የሚያልፈው አጽም የማንም አባት አይደለም። ዩኔስኮ በ2008 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የነባር ሕዝቦችን የሙታን በዓል ነው፤ ያ በዓል የሚኖረው በየጓዳውና በየመቃብሩ ነው።

*

ባለ ላባ ባርኔጣዋ አጽም፣ ካትሪና፣ ዛሬ በየሱቁ አለች። የፈጠራት ሆሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ፣ የሕትመት ሥዕል ቀራጺ፣ አውሮፓዊ ለመምሰል የሚጣጣሩትን ሊነቅፍባት ነበር። በ1913 በድህነት ሞተ። አጽሙን የሚጠይቅ ዘመድ ስላልተገኘ ከጊዜ በኋላ ወደ ጅምላ መቃብር ተጣለ። ዲዬጎ ሪቬራ በ1947 በሣለው ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ላይ ካትሪናን የፖሳዳን ክንድ አስይዞ አቁሟታል። ለሙታን በዓል መልኩን የሰጠ ሰው፣ አበባ የሚጣልበት የራሱ መቃብር የለውም።

*

አሜሪካ ውስጥ በዓሉ አደባባይ የወጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስና በሳን ፍራንሲስኮ የሜክሲኮ ተወላጆች ሠዓሊያን እጅ ነው። ወረቀት የሌለው ስደተኛ የእናቱን መቃብር ሊጠርግ ድንበር ቢሻገር መመለሻ የለውም። ኦፍሬንዳውን ግን ኪራይ ቤቱ ውስጥ ይዘረጋል።

*

ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። በሜክሲኮ ጠፍተዋል ተብለው የተመዘገቡት ሰዎች ቁጥር በ2022 ከ100,000 አለፈ። ከእናቶቻቸው ብዙዎቹ የልጃቸውን ፎቶ ኦፍሬንዳ ላይ አያቆሙም። እዚያ ማቆም ሞቷል ብሎ መቀበል ነው፤ እነሱ ደግሞ በሕይወት የተወሰደ ልጃቸው በሕይወት እንዲመለስ ነው የሚጠይቁት። ፎቶውን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ሰልፍ ይወጣሉ። አካፋና ረጅም ብረት ይዘው በረሃ የሚያስሱም አሉ፤ ብረቱን መሬት ውስጥ ይሰኩና ነቅለው ጫፉን ያሸታሉ።

በሌላ በኩል፣ በአገሪቱ የአስከሬን ማቆያዎችና የጅምላ መቃብሮች ውስጥ ማንነቱ ያልተለየ ከ50,000 በላይ አስከሬን እንዳለ የጠፉ ሰዎች ቤተሰቦች ንቅናቄ በ2021 አስታውቋል። አንዱ ዝርዝር ስም ይዞ አስከሬን ያጣ ነው፤ ሌላው አስከሬን ይዞ ስም ያጣ። ሁለቱን ማገናኘት የዘረመል ምርመራ፣ የባለሙያና የበጀት ሥራ ነው፣ የመንግሥትም ግዴታ ነው። ፍለጋው ግን እስካሁን በአብዛኛው የወደቀው በእነዚያ አካፋ በያዙ እናቶች ላይ ነው።