ሚስተር ቢን በፍኖተ ሰላም

ፍኖተ ሰላም ባለሦስት እግር መኪና መጀመሪያ ያየችው ባጃጅ ሲገባ አይደለም። ከዚያ በፊት፣ አስፋልቱን ጋሪና አህያ በሚጋሩት ዘመን፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በነበረች ቪዲዮ ቤት ውስጥ አይታታለች። ሰማያዊ ናት፤ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ። ሚስተር ቢን በአረንጓዴ ሚኒው ባገኛት ቁጥር ወይ በጎኗ ይጥላታል ወይ ከመንገድ ያስወጣታል። ኋላ ባጃጁ ከተማውን ሲሞላው፣ የዚያ ቤት ደንበኛ የነበረ ሁሉ መጀመሪያ የተሳፈረ ዕለት ዞር ብሎ አረንጓዴ መኪና አለመከተሉን ሳያይ የቀረ አይመስለኝም።

ቤቷ የጭቃ ነበረች። መስኮቷ በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርዶ፣ ቴሌቪዥኑ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ፣ ዴኩ ከሥሩ። ዴኩን ከባለቤቱ በቀር ማንም አይነካም። ዋናው ገበያ ራምቦ፣ ኮማንዶ፣ ጃኪ ቻንና የህንድ ፊልም ነው፤ ሚስተር ቢን አንዱ አልቆ ለሚቀጥለው ሰው እስኪሰበሰብ የሚከፈት መሙያ ነበር። በገበያ ቀን ግን ነገሩ ይገለበጣል። እኔ የሊበን ልጅ ነኝና ያገሬን ሰው አውቀዋለሁ፤ እህሉን ሸጦ፣ ዱላውን ይዞ ገብቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጥና «ያን ዝም የሚለውን ሰውዬ አምጣው» ይላል። ተኩስ ለማየት ሳንቲም አይከፍልም። ተኩሱን በ1983 ዓ.ም. በነጻ አይቶታል።

ሰውዬው ዝም ማለቱ ታስቦበት ነው። ቢንን የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን ይህን ገጸ ባሕርይ ለቴሌቪዥን ከማብቃቱ በፊት፣ በ1979 ዓ.ም. ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ በሚካሄደው የቀልድ ፌስቲቫል ላይ ሞክሮት ነበር። ያቀረበው በእንግሊዝኛው መድረክ ሳይሆን በፈረንሳይኛው ነው፤ ቋንቋው የማይገባው ሰው ይስቅ እንደሆነ ለማየት። ሳቁ። እኔ ግን ሞንትሪያል ቀላል ፈተና ነው ባይ ነኝ፤ በርበሬው በርካሽ ሄዶበት የተቀየመ የቡሬ ሰው ቢያጋጥመው ነበር ማየት።

የመጀመሪያው ክፍል እንግሊዝ አገር የታየው ታኅሣሥ 23 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ዘንድ ደርግ ገና አልወደቀም። በቴሌቪዥን የመጨረሻው ጥቅምት 20 ቀን 1988 ዓ.ም. ወጣ። ሁሉም ተደምሮ 15 ክፍል ብቻ ነው። ይህን ያወቅሁት አሁን፣ ሙሉውን በዲቪዲ አግኝቼ ባሕር ዳር ቤቴ ውስጥ በየተራ ካየሁት በኋላ ነው። ያኔ ማለቂያ የሌለው ይመስለን ነበር። ለካ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ያንኑ ነበር እያገላበጠ የሚያሳየን።

ከአሥራ አምስቱ አንዱ፣ ቢን ፀጉር ቤት ገብቶ ባለቤቱ ዘወር ሲል የሰው ጭንቅላት የሚያበላሽበት፣ ያኔ ለቴሌቪዥን አልቀረበም፤ በቪዲዮ ካሴት ብቻ ነው የተሸጠው። ያ ክፍል የኛ ካሴት ላይ ነበር። የለንደን ሰው ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ሊያየው ያልቻለውን የፍኖተ ሰላም ሊስትሮ ሣጥኑን ታቅፎ ያየው ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስበው እስካሁን ደስ ይለኛል።

በምን እንስቅ ነበር? የመጀመሪያው ክፍል ላይ ቢን ፈተና ይቀመጣል። ትሪጎኖሜትሪ አጥንቶ መጥቶ ከፖስታው ካልኩለስ ያወጣል። ከዚያ ያለው ሁሉ ኩረጃ ነው፤ አንገት ማስረዘም፣ እርሳስ መጣል፣ የጎረቤቱን ወረቀት በትንፋሽ ማንቀሳቀስ። ሊያልቅ ሲል ፖስታው ውስጥ ያጠናው ወረቀትም እንደነበረ ይሰማል። ማትሪክ የሚጠብቁት የዳሞት ትምህርት ቤት ልጆች እዚህ ላይ አይስቁም ነበር። አንዱ «አቤት!» ይላል፣ ሌላው ራሱን ይይዛል።

በዚያው ክፍል ቤተ ክርስቲያን ይገባል። መዝሙሩን አያውቀውም፤ መጽሐፍም አልደረሰውም። ስለዚህ ያልጎመጉምና «ሃሌ ሉያ» ላይ ሲደርሱ ጣራ የሚነቅል ድምፅ ያወጣል። ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ግዕዙን ሳያውቅ ቅዳሴ ላይ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ቆይቶ፣ የሚያውቃት ተሰጥዎ ስትመጣ ከሁሉም በላይ የሚጮኸውን ሰው የማያውቅ ደብር የለም። እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር።

በዚያው ዘመን የራሳችን ቀልደኞች ነበሩን፤ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲመጡ የሰፈር ልጅ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ደጃፍ ላይ ይከማቻል። የቃል ጌቶች ነበሩ፤ ዛሬም ስሰማቸው እስቃለሁ። ግን በዘመኑ የከተማ ቀልድ ውስጥ ሥርዓቱ የጠፋበት፣ በር መክፈት ያቃተው፣ የሚሳቅበት ሰው ብዙ ጊዜ ባላገሩ ነው። አነጋገሩ የኔ አባት አነጋገር ነው። አብረን እንስቅ ነበር፤ ግን በጎን ዓይናችን እየተያየን። ሚስተር ቢን ይህን አዙሮ ሰጠን። ኮት ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ የራሱን መኪና የሚነዳ የለንደን ከተሜ ነው፤ የሚደናበረውም በገዛ አገሩ። የገበያ ቀን ታዳሚ ለምን እንደወደደው ሲገባኝ ዓመታት ፈጅቷል። የሚስቁት ከላይ ሆነው ነበር፤ በዚያች ቤት ውስጥ ብቻ።

ዲቪዲው ላይ ያስገረመኝ የተቀረጸው ሳቅ ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ያሉት እንግሊዞች እኛ ዝም ባልንበት ይስቃሉ። ከሁሉ በላይ የምግብ ቤቱ ላይ።

ቢን ብቻውን ጥሩ ምግብ ቤት ይገባል። ያዘዘው ሲመጣ የተፈጨ ጥሬ ሥጋ ሆኖ ያገኘዋል። መብላት አልቻለም፣ መመለስም አፈረ። ስለዚህ ይደብቀዋል፤ ዳቦ ውስጥ፣ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ፣ የጎረቤቱ ሴትዮ ቦርሳ ውስጥ፣ የቫዮሊን ተጫዋቹ ሱሪ ውስጥ። እንግሊዞቹ ሊሞቱ ነው። ፍኖተ ሰላም ግን ኀዘን ነበር። ቀይ፣ ስብ የሌለበት ሥጋ! «ምነው አዋዜ እንኳ ቢሰጡት» ያለ ነበር። ለምን እንደሚደብቀው ማንም አልገባውም፤ ቤቱ ተከራከረ፣ ታመመ የሚል ተነሣ፣ ሥጋው ሸቶ ነው የሚል ተነሣ።

የፈታው የኔታን ሸሽቶ የመጣ አንድ ትንሽ ዲያቆን ነው። «ጾም ላይ ነው» አለ። «ሳያውቅ አዘዘው።» ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ያ ትዕይንት ሲመጣ ሰው የሚያየው እንደ ፈተና ነበር፤ ይቀምስ ይሆን? ቦርሳው ውስጥ ሲከተው «ጎበዝ!» ይባልለታል።

ዲቪዲው ላይ የቀረውንም አየሁ። የኛ ካሴት መጀመሪያው ተቆርጦ ነበርና ለካ የልደቱ ቀን ነው፤ ለራሱ ካርድ ጽፎ፣ ፖስታ ውስጥ ከትቶ፣ እንደ አዲስ ከፍቶ ይደነግጣል። ይህን ብናይ ኖሮ ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ ተነሥቶ አብሮት የሚቀመጥ ይመስለኛል።

ዲያቆኑ ዛሬ ቡሬ ላይ ነጋዴ ነው። ደወልኩለት። ክፍሉ የተላለፈበትን ቀን አስልቼ ይዣለሁ፤ ጥቅምት 26 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ሰኞ።

«ረቡዕ አይደለም፣ ዓርብ አይደለም» አልኩት። «ነቢያትም ገና አልገባም። ጾም አልነበረም፣ ሸወድከን።»

ለአፍታ ዝም አለ፤ የሚመዝንለት ደንበኛ ነበረው መሰለኝ።

«ጥቅምት 26 ነው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ወርኃ ጽጌ አይደለም እንዴ? የጽጌ ጾም እስከ ኅዳር 5 ነው። የፈቃድ ጾም ደግሞ ሰው ፊት አይወራም። እና ምን ያድርግ፣ አስተናጋጁን ጠርቶ ጽጌ እጾማለሁ ይበለው?»