ከአምፖሉ በፊት ሽቦው

ጋምቤላ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ርቃ ስለምትገኝ ፀሐይ እዚያ የምትጠልቀው ከመዲናዋ ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ነው። ሩብ ሰዓቷ ግን ለአቦቦ ሹፌር ብዙ አታተርፍለትም። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ድንግዝግዝ ቶሎ ያልቃል፤ ጀንበር ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ዓይን ቢወጉት የማይታይ ጨለማ ይወርዳል። ከጋምቤላ ከተማ በስተ ደቡብ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው አቦቦ ወጥቶ ወደ ፑኝዶ ለሚያመራ፣ ወይም ወደየመንደሩ በሚገባ የአፈር መንገድ ለሚታጠፍ ሰው ብርሃን ማለት መኪናው ይዞት የመጣው ነው። ሌላ የለም።

በዚህ መንገድ በብዛት የሚታየው መኪና ሃርድ ቶፕ የሚባለው ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው። የረድኤት ድርጅቶች ይነዱታል፣ የወረዳ መሥሪያ ቤቶች ይነዱታል፣ አምቡላንሱም እሱ ነው። ብዙዎቹ የረድኤት ድርጅቶች መኪኖቻቸው ሳይመሽ ግቢ እንዲገቡ የሚያዝ ደንብ አላቸው። አምቡላንስ እንዲህ ያለ ደንብ ሊኖረው አይችልም። ምጥ ሰዓት አይመርጥም፤ በጤና ጣቢያ አቅም የማይቻል ነገር የገጠማት ወላድ ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል መሄድ ያለባት በዚያው ሌሊት ነው። የአሮጌ መኪና መብራት ጉዳይ በቁም ነገር ሊወራበት የሚገባው ስለዚህ ነው።

መኪናው ዘመን ጠገብ ነው። 70 ተከታታይ የሚባለው ላንድክሩዘር ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ በአቦቦ የአልዌሮ ግድብ በሶቪየት ኅብረት እገዛ በተሠራበት፣ ከወሎና ከከምባታ የመጡ ሰፋሪዎች በአካባቢው መንደር በመሠረቱበት በዚያው ዘመን መሆኑ ነው። የደርግ ዘመኑ ዋዝ ጂፕም ሆነ ላንድክሩዘሩ ከፊታቸው ያለው መብራት ክብ ሲሆን ስፋቱ 178 ሚሊ ሜትር፣ በኢንች 7 ነው። ልኩ የተወለደው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 1940 ሞዴል መኪኖች ጀምሮ አገሪቱ በሙሉ በአንድ መጠን እንድትጠቀም ተደርጎ ነበር። የድሮው ቮልስዋገንና ላንድሮቨርም ይህንኑ ልክ ተጠቅመዋል። ሃርድ ቶፑ ክቡን መብራት እ.ኤ.አ. በ2007 ቢተወውም በ2023 በኤልኢዲ መልክ መልሶታል። ለአሮጌው መኪና ባለቤት ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ከሰማንያ ዓመት በላይ የኖረ ልክ ምትክ አያጣም።

መኪናውን ራሱን መቀየር ደግሞ ዛሬ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። አሁን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ።

መብራቱ የደከመበት ሹፌር አዲስ አበባ ሲገባ፣ ወይም ሰው ሲልክ፣ መጀመሪያ የሚታሰበው ቦታ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ የተደረደረው የኤልኢዲ አምፖል ዓይን ይስባል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የብርሃን መጠን ከፋብሪካው አምፖል ብዙ እጥፍ ነው፤ መግጠሙም ጊዜ አይወስድም። ጋራዥ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሲያበሩት ነጭ ብርሃን ቦግ ይላል፣ ሁሉም ይረካል።

ችግሩ መንገድ ላይ ይገለጣል። ኤች 4 የሚባለው የሃሎጅን አምፖል እ.ኤ.አ. በ1971 ከወጣ ጀምሮ፣ ለእሱ የሚሠራው አንጸባራቂ ሳህንና መስታወት የሚቀረጸው በውስጡ ባሉት ሁለት ቀጫጭን ክሮች ልክ ነው፤ አንዱ ለረጅም፣ አንዱ ለአጭር መብራት። የአጭሩ ክር ከሥሩ ትንሽ የብረት ጋሻ አለችው። ብርሃኑ ሽቅብ ተረጭቶ የመጪውን ዓይን እንዳይመታ የምትከለክለው እሷ ናት። የክሩ ቦታ በጥቂቱ እንኳ ከተዛነፈ ብርሃኑ መንገድ ላይ የሚያርፍበት ቦታ በብዙ ሜትር ይዛነፋል። ርካሹ ኤልኢዲ ብርሃን የሚያወጣው ከሁለት ጠፍጣፋ ጎኖች ነው፤ ሳህኑ ግን ለእንዲህ ያለ ምንጭ አልተቀረጸም። ከመኪናው አፍንጫ ሥር ያለው መሬት ይደምቃል፣ ራቅ ያለው ይደበዝዛል፣ ፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ይታወራል። ሹፌሩም ራሱ ይታለላል፦ በቅርብ ያለው ድምቀት የዓይኑን ብሌን ስለሚያጠብበው ብዙ ያየ እየመሰለው ርቀት ላይ የሚያየው ከድሮው ያንሳል። ጀርመን ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል መጠቀምን የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን፣ ያውም ለተመረጡ የመኪና ሞዴሎች ተፈትሸው ላለፉ አምፖሎች ብቻ ነው።

ከአሮጌ ላንድክሩዘር መብራት አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ኤሌክትሪክ ነው። ፋብሪካው የዘረጋው መስመር ኃይሉን ከባትሪ አንስቶ በፊውዝ ሳጥንና በመሪው አጠገብ ባለው ማብሪያ በኩል እያዞረ፣ በቀጫጭን ሽቦ ወደ መብራቱ ያደርሰዋል። ሃያና ሠላሳ ዓመት የጋምቤላን ሙቀት፣ ዝናብና አቧራ የቻለ ሽቦ በየመገጣጠሚያው ዝጓል። የማብሪያው የውስጥ መነካኪያዎች ተቃጥለዋል። ዝገት እንዳጠበበው የውኃ ቧንቧ ሁሉ፣ ከባትሪው ሞልቶ የተነሳው ኃይል አምፖሉ ዘንድ ሲደርስ ጎድሎ ነው።

ኪሳራው ሲሰላ ያስደነግጣል። የሃሎጅን አምፖል ብርሃን የሚለካው በ13.2 ቮልት ነው፤ ደህና ኤች 4 በዚያ ቮልት በአጭር 1,000፣ በረጅም 1,650 ሉመን ገደማ ይሰጣል። ቮልቱ በአንድ አሥረኛ ወርዶ 12 ሲሆን ብርሃኑ ከሩብ በላይ ይጠፋል። 10.5 ቮልት ሲደርስ ከግማሽ በላዩ የለም። እንዲህ ባለ መኪና ላይ የፈለገውን ያህል ውድ አምፖል ቢገጠም ቢጫና ፈዛዛ ሆኖ ይቀራል፤ ሰውም አምፖሉን ያማርራል።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ተነስቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ በቴስተር መጀመሪያ የባትሪው ቮልት ይለካል፣ ቀጥሎ ከመብራቱ ጀርባ ሶኬቱ ላይ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ካለፈ ገንዘቡ መዋል ያለበት ሽቦው ላይ ነው።

መፍትሔው ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ትልቁን ኃይል የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው። የሁለቱ መብራቶች ረጅም ሲበራ እያንዳንዳቸው 60 ዋት፣ በድምሩ 10 አምፔር ያህል ይስባሉ። ሪሌ ሲገባ ያ ሁሉ ኃይል በአሮጌው ማብሪያ ማለፉ ይቀራል፤ ማብሪያው የሚሸከመው ሪሌውን ለማስነሳት የምትበቃ፣ ከሩብ አምፔር የማትበልጥ ኃይል ብቻ ይሆናል። ዋናው ኃይል ከባትሪው በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ይመጣል። በሪሌው እግሮች ላይ የታተሙት ቁጥሮች በብዙ አገር አንድ ናቸው፦ 30 ከባትሪ፣ 87 ወደ መብራት፣ 85 እና 86 የማብሪያው። አንድ ሪሌ ለአጭር፣ አንድ ለረጅም። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ መሆን አለበት፤ ርቆ ከተቀመጠ በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ሽቦ ቢላጥ እሳት የሚከለክለው ነገር አይኖርም። ወደ ቦዲ የሚታሰረው የኔጋቲቭ ሽቦም ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ይታሰር።

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ የሚሳሳትበት ነገር አለ። በብዙዎቹ የድሮ ላንድክሩዘሮች ላይ ማብሪያው የሚከፍተውና የሚዘጋው የኔጋቲቩን መስመር ነው፤ ፖዘቲቩ ሁልጊዜ መብራቱ ዘንድ ይጠብቃል። ለሌላ መኪና ተብሎ የተሠራ የሪሌ ገመድ እንዳለ ሲሰካበት ወይ አይበራም፣ ወይ ረጅሙና አጭሩ ይደባለቃል። ከእነዚህ መኪኖች አንዳንዶቹ ደግሞ ባለ 24 ቮልት ናቸው። ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ሽቦ ከመቁረጡ በፊት ሁለቱንም ያረጋግጣል።

ባለ 100 ዋት አምፖል በቀድሞው ሽቦ ላይ የሚገጥሙም አሉ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ቮልቱ የባሰ ይወርዳል።

ቮልቱ ከተስተካከለ በኋላ የሚታየው ሳህኑ ነው። የብሩ ቀለም ከጠቆረ ወይም ከተላጠ ምንም ዓይነት አምፖል አያድነውም፤ መብራቱ እንዳለ ይቀየራል። ምትክ ሲገዛ መታየት ያለበት ጥራቱ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ወደ ቀኝ ነጂነት የዞረችው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ጃፓን፣ አውስትራሊያና ኬንያ ግን ዛሬም በግራ ይነዳሉ። የአጭር መብራት ብርሃን በሁለቱም በኩል እኩል አይደለም፤ በቀኝ በሚነዳ አገር የመንገዱን ቀኝ ዳር ለማሳየት ወደ ቀኝ ከፍ ይላል፣ በግራ በኩል ዝቅ ይላል። በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ መብራት አቦቦ መንገድ ላይ ሲበራ ከፍ ያለውን ብርሃን የሚልከው በመጪው መኪና ላይ ነው፤ እግረኛው የሚሄድበትን ዳር ግን በጨለማ ይተወዋል። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ መብራት መስታወቱ ላይ ምልክት አለው። ፊት ለፊት ሲታይ ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት ካለበት በግራ ለሚነዳ አገር ነው፣ ይቅርብን። ቀስት ከሌለው የእኛ ነው። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፣ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ማየት ይበቃል።

ከዚያ ማነጣጠር ይቀራል፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንን ነው። መኪናው በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ይቆማል፣ የመብራቱ መሃል ከመሬት ያለው ከፍታ ግድግዳው ላይ ምልክት ይደረግበታል፣ የአጭሩ ብርሃን የላይኛው ጠርዝ ከዚያ ምልክት 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት። ሃርድ ቶፕ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ከኋላ ሰው ወይም ዕቃ ሲሞላበት ባሌስትራው ይወርዳል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ መብራቱም ሰማይ ያያል። ስለዚህ የሚነጣጠረው በዘወትር ጭነቱ ልክ ተጭኖ ነው። አምቡላንስ ከሆነ አልጋው፣ ኦክስጅኑና አስታማሚዎቹ ጭምር ታስበው።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ለሰው ነው። በኢትዮጵያ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት መካከል እግረኞች ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። በአቦቦ ዙሪያ ደግሞ መንገዱ የእግረኛም ነው፤ ከገበያ የሚመለስ፣ ጀሪካን የተሸከመ፣ ከማሳ የሚገባ ሁሉ በዳሩ ይሄዳል። በስተ ምዕራብ የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ይዘረጋል፤ ነጭ ጆሮ ቆርኬው፣ ከርከሮውና ጅቡ የመንገድ ሕግ አያውቁም። የእንስሳ ዓይን መብራት ሲያርፍበት ከሩቅ ያበራል። የሰው ዓይን ግን አያበራም፤ ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ የሚታየው ብርሃኑ እግሩ ላይ ሲደርስ ነው።

ጥሩ የአጭር መብራት መንገዱን ደህና አድርጎ የሚያሳየው እስከ 60 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በየሰከንዱ 22 ሜትር ይበላል፤ ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ከ30 ሜትር በላይ ያልፋል፣ በኮረኮንች ላይ ለመቆም ሌላ 50 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ድምሩ መብራቱ ከሚያሳየው ይበልጣል። በ60 ኪሎ ሜትር ግን ሁሉም ነገር በ55 ሜትር ውስጥ ያልቃል። መብራቱ የቱንም ያህል ቢሻሻል በአጭር መብራት ከዚህ በላይ መንዳት ያላዩትን ሰው መግጨት ነው።

በጋ ላይ ከፊት የሄደ መኪና ያስነሳው አቧራ፣ በክረምት ደግሞ ዝናቡና የአልዌሮ ዳርቻ ነፍሳት የየራሳቸው ፈተና አላቸው። በአቧራ ውስጥ ረጅም መብራት ማብራት ነጭ ግድግዳ ፊት መቆም ነው፤ ከፓራውልቱ ዝቅ ብሎ የተገጠመ፣ ብርሃኑ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነ የጭጋግ መብራት የተሻለ ያሳያል። ጣሪያ ላይ የሚደረደረው ረጅም የኤልኢዲ መብራት ግን ኮፈኑን አብርቶ መልሶ የሹፌሩን ዓይን ይወጋል፤ ሰው በሚሄድበት መንገድ ላይም ሊበራ አይገባም። ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ከሰማያዊ ቀመሱ ነጭ ያነሰ ነፍሳት ይስባል፤ ክረምቱን ለሚነዳ ሹፌር ይህም ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ኤልኢዲ የግድ ይሁን ለሚል ሰው የሚመከረው መንገድ አንድ ነው፦ የራሱ መስታወትና የራሱ አንጸባራቂ ያለው፣ ባለ 7 ኢንች ሙሉ መብራት፣ ለቀኝ መንገድ የተሠራ፣ የደረጃ ምልክት ያለበት። ዋጋው ይከብዳል። ኤልኢዲ ሙቀት እንደማይወድም መታወቅ አለበት፤ በጋምቤላ የካቲትና መጋቢት ቀኑ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ማቀዝቀዣው ደካማ የሆነ መብራት ዕድሜው ያጥራል። ሃሎጅን ሲቃጠል ግን ምትኩ በዳሽቦርድ ኪስ ይገባል፣ በየከተማውም ይገኛል። ለአቦቦ አምቡላንስ ዛሬ የተሻለው ምርጫ ጥሩ ሪሌ፣ አዲስ ሳህንና ደህና ኤች 4 አምፖል ነው።

የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችና መኪና የምታስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች፣ ክረምቱ ሳይገባ አሮጌ መኪኖቻችሁን በቴስተር አስለኩ። የዘይት መቀየሪያ ቀን በመዝገብ እንደሚያዝ ሁሉ የመብራቱ ቮልትና የተነጣጠረበት ቀን ይመዝገብ። ሹፌሮች ደግሞ፣ ኤልኢዲ አምፖል የገጠማችሁ ካላችሁ አንድ ምሽት መኪናውን አቁሙና በአጭር አብርታችሁ 50 ሜትር ርቃችሁ በመጪ ሰው ዓይን ተመልከቱት። ዓይናችሁን ከወጋው አውጡትና ሽቦውን አሠሩ።