ዳገት የሚያጋልጠው

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ቆም ብሎ ጆሮውን ለሰጠ ሰው፣ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ገመናውን እያወራ ነው የሚወጣው። ሜዳውን ጤነኛ መስሎ ሲጋልብ የዋለው እዚህ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል። አንዱ ማርሽ ቀንሶ፣ ድምፁ ሳይቆራረጥ፣ ቀስ እያለ ይወጣል። ሌላው ጥቂት ይዞ አንዷን ይስታል፤ እንደገና ይይዛል፣ እንደገና ይስታል። ሾፌሩ ነዳጁን አጥብቆ ሲረግጥለት ይባስ ብሎ ይንገጫገጫል። ከኋላው የተሰለፉት ጥሩምባቸውን ይለቁበታል። ተሳፋሪው «ጉልበት የለውም» ይላል። ጆሮ ያለው መካኒክ ደግሞ «በሦስት ነው የሚሠራው» ይላል። ተሳፋሪው የነገረን ችግር መኖሩን ነው፤ መካኒኩ ግን የት እንዳለ መፈለግ ጀምሯል።

ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ በሰከንድ 25 ጊዜ እሳት ይነሳል፤ አራቱ ሲደመሩ በሰከንድ መቶ። እያንዳንዷ እሳት ሦስት ነገር ትፈልጋለች፦ በልኩ የተደባለቀ አየርና ነዳጅ፣ ሳያፈስ የሚያምቅ ሲሊንደር፣ በሰዓቷ የደረሰች የካንዴላ ብልጭታ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ያ ሲሊንደር ሥራ መፍታቱ ሳያንስ ለሌሎቹ ሸክም ይሆናል። በአራት ሰው ትከሻ የተያዘ ቃሬዛ አንዱ ድንገት ሲለቀው እንደሚሆነው ነው፤ ክብደቱ ሦስቱ ላይ ይወድቃል፣ ቃሬዛውም ይወላገዳል። እጃችን መሪው ላይ ሆኖ የሚሰማን መንገጫገጭ ከዚያ የሚመጣ ነው።

ታዲያ ሜዳ ላይ ተደብቆ የቆየው ችግር ዳገት ላይ ለምን ይወጣል? ነዳጅ በኃይል ሲረገጥ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየርና ቤንዚን ይበዛል፣ ሲታመቅም ግፊቱ ይጨምራል። በካንዴላው ጫፍ ያለችው ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብትሆንም፣ አየሩ በታመቀ ቁጥር ብልጭታው እሷን ዘልሎ መሻገር ይከብደዋል። ኮይሉ የባትሪውን 12 ቮልት ከ10 ሺህ ቮልት በላይ የሚያደርሰው ለዚህ ነው። የደከመ ኮይል ወይም ጫፉ ተበልቶ ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላ ሜዳውን እንደምንም ይወጣዋል፤ ዳገት ሲመጣ ግን ያቅተዋል። ኤሌክትሪክ ደግሞ ቀላሉን መንገድ መምረጡ አይቀርም። የካንዴላው ገመድ ወይም የኮይሉ ጎማ የተሰነጠቀ እንደሆነ፣ በክፍተቷ መዝለሉን ትቶ በስንጥቁ በኩል ወደ ሞተሩ ብረት ያመልጣል። ክረምት ገብቶ እርጥበት ሲጨመርበት ማምለጡ ይብሳል። በአሮጌ መኪና ላይ ማታ ጨለማ ቦታ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ማስነሳት ነው፤ ገመዱ ካረጀ ሰማያዊ ብልጭታ በላዩ ሲሮጥ በዓይን ይታያል።

ጉልበት ያጣ መኪና ሁሉ ግን ታሟል ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። እዚህ የምንተነፍሰው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ጋር ሲነጻጸር ግፊቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ቢሆን ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተርም የሚተነፍሰው ይህንኑ ስለሆነ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ከተማው ይወስድበታል። አዳማን አልፎ ወደ አዋሽ የወረደ ሾፌር መኪናዬ ታደሰች ቢል አልተሳሳተም። ከፍታ የወሰደውንና ሕመም የወሰደውን የሚለይ ምልክት ግን አለ። ከፍታ ከአራቱም ሲሊንደር እኩል ይቀንሳል እንጂ አያቆራርጥም። መኪናው እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ ጥፋቱን በእንጦጦ ማሳበብ አይቻልም። ሳይዘል፣ ነዳጅ ሲረገጥለት ዝም ብሎ የሚታፈን ከሆነም በአቧራ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የቆሸሸ የነዳጅ ፊልትሮ፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የተዘጋ ጭስ ማውጫ ይጠረጠራል።

ይህ የከፍታ ነገር ሰው ልብ በማይለው ቦታም ይገባል። የሲሊንደር እመቃ መለኪያውን በካንዴላው ቀዳዳ አስገብተው ሞተሩን ሲያዞሩት ቁጥር ያወጣል። የአምራቹ መጽሐፍ 180 ይላል እንበል። መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላለ አየር ስለሆነ፣ ያው ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ወደ 140 ገደማ ቢያሳይ አያስደነግጥም። ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር ብቻ የሚያስተያይ ሰው ደህናውን ሞተር አፍርሱት ሊል ይችላል። የሚያውቅ መካኒክ አራቱን እርስ በርሳቸው ያስተያያል፤ ሦስቱ 140 አካባቢ ሆነው አንዱ 90 ቢወርድ ያኔ ወደ ቫልቭ፣ ወደ ፒስተኑ ፋሻ ወይም ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን ይሄዳል።

በሰፈራችን ጋራዥ አንድ ወጣት መካኒክ ሲሠራ ያየሁት፣ ችግርን መለየት ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አሳይቶኛል። አንዲት እናት ባለ አራት ሲሊንደር ቪትዛቸውን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ካንዴላውን በቅርቡ ነው ያስቀየርኩት። ጥቂት ቀን ደህና ሆኖ መልሶ ጀመረው።»

«እሺ እናቴ። የሚብሰው ጠዋት ሲያስነሱት ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ?»

«ጠዋት ነው። ከሞቀማ ደህና ነው፣ ዳገት ካልሆነ።»

«ዝናብ ሲዘንብስ?»

«እሱማ! ዘንቦ ካደረ አታንሳው።»

«እንግዲያስ እዚሁ ይደር። አሁን ሞቋል፣ ቢነኩትም አይናገርም። ጠዋት በብርዱ እንስማው።»

መፍቻ ሳይዝ ጥያቄ አስቀደመ፣ መኪናውን ማሳደሩንም እንደ ሥራ ቆጠረው። በማግስቱ ሞተሩን በብርዱ አስነስቶ በሚኒሞ ተወው። የኮይሎቹን ሶኬት አንድ በአንድ እየነቀለ መልሶ ይሰካል። አንደኛውን ሲነቅል ሞተሩ ተንገዳገደ፣ መለሰው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውን ሲነቅል ምንም አልተለወጠም፤ ድሮም አይሠራም ነበርና። አራተኛውን ሲነቅል ሊጠፋ ደረሰ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ኮይል ግዙ» ይላል። እሱ ግን ሞተሩን አጥፍቶ የሦስተኛውን ኮይል ለሁለተኛው፣ የሁለተኛውን ለሦስተኛው ሰጠ። እንደገና አስነስቶ መንቀል ጀመረ። አሁን ሦስተኛው ይሠራል፣ ዝም ያለው ሁለተኛው ነው። ችግሩ ኮይሉን ተከትሎ ሄዷል ማለት ነው። ባይሄድ ኖሮ ካንዴላውን፣ ቀጥሎ ኢንጀክተሩን፣ በመጨረሻ እመቃውን ነበር የሚያየው፤ አንዱን ከሌላው ጋር ሳይደባልቅ።

ቀጥሎ የሦስተኛውን ካንዴላ ፈትቶ ብርሃን ላይ ያዘው። ጫፉ እንደተቆላ ቡና አልጠቆረም፣ ዘይትም አልነካውም፣ እንደ ኖራም አልነጣም፤ መሆን የሚገባውን ያህል ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ነጩ ሸክላ ላይ ግን ከላይ እስከ ታች የወረደች፣ በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል ቀጭን ጥቁር መስመር አለች። የኮይሉን ጎማ ገልበጥ አድርጎ ውስጡን ሲያሳየኝ ያችው መስመር እዚያም አለች። ብልጭታው ያመለጠበት መንገድ ተቃጥሎ ጥላሸት ሆኗል፤ ጥላሸት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ካንዴላው ተቀይሮ አሮጌው ጎማ ሲመለስበት፣ በጎማው ውስጥ የቀረችው መስመር አዲሱንም ካንዴላ በጥቂት ቀን አበላሸችው። የእኒያ እናት መኪና «ደህና ሆኖ መልሶ የጀመረው» በዚህ ነው። ካንዴላውና ጎማው አብረው ተቀየሩና በቃ።

አሁን አሁን በየጋራዡ ኮምፒዩተር አለ፣ መኖሩም ትልቅ ነገር ነው። በአሜሪካ ለሚሸጡ መኪናዎች እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አንድ ዓይነት መሰኪያና አንድ ዓይነት ኮድ ግዴታ ከሆነ ወዲህ፣ ማንኛውም መመርመሪያ ፒ 0303 ሲል ሦስተኛው ሲሊንደር እሳት ይስታል ማለት ነው። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ እሳቱን አያየውም። የሚለካው የሞተሩ ዘንግ ሲዞር በየትኛው ሲሊንደር ተራ ላይ በጥቂቱ እንደዘገየ ነው። የት እንደታመመ ይነግረናል፣ ምን እንዳመመው አይነግረንም። ኮይል ይሁን፣ ካንዴላ፣ ኢንጀክተር ወይም ቫልቭ ለማወቅ ያው የመካኒኩ እጅና ጆሮ ያስፈልጋል። የካቻቢቴውን ጫፍ ኢንጀክተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ የሚያሳርፍ መካኒክ ኢንጀክተሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማዋል፤ ካልሰማ ወደዚያ ይሄዳል። ለሾፌሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ መቆየቱና ብልጭ ድርግም ማለቱ አንድ አይደለም። ብልጭ ድርግም ካለ ያልነደደ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ፣ ጭሱን የሚያጣራውን ውድ ዕቃ እያጋለ ነውና ፍጥነት ቀንሶ በአቅራቢያ ማቆም ይሻላል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር ስላለ ነው። ጋራዥ ሄደን የምንከፍለው ለዕቃ ነው። አሮጌው ዕቃ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲሰጠን እናምናለን፣ ኪሳችንም ይፈታል። ግማሽ ቀን አዳምጦ፣ ነቅሎ፣ አቀያይሮ አንድ የላላ ሶኬት ያገኘውን ግን «ምንም ሳትቀይር?» ብለን ሒሳቡን እንከራከረዋለን። መካኒኩም ይህን ያያል፤ መፈለግ እንደማያበላ፣ መቀየር ግን እንደሚያበላ ከእኛው ይማራል። እንደዚህ እያደረግን ነው ካንዴላው፣ ኮይሉ፣ ፓምፑ በየተራ ተቀይሮ መኪናው ያው የሆነበት ሰው የበዛው። በውጭ ምንዛሪ የገባ ደህና ዕቃም ያለ ጥፋቱ ይጣላል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላልና፣ ከባለቤቱም የሚጠበቅ አለ። መቼ እንደሚብስ፣ በብርድ ነው በሙቀት፣ በዳገት ነው በሜዳ፣ ከየትኛው ነዳጅ በኋላ እንደጀመረ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተነካ አስተውሎ መናገር የግማሽ ቀን ሥራ ያቀላል። መኪናውን ስንረከብም «ምን ቀየርክለት?» ብለን ብቻ አንመለስ፤ «በምን አወቅኸው?» ብለን እንጠይቅ። ይህን የሚመልስ መካኒክ ያገኘ ሰው፣ ዕቃ ባይቀየርለትም፣ የተጠየቀውን ሳይከራከር ይክፈል።