ፋዒሉ የት አለ?



እንደሚታወቀው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። የሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ዛሬም የሚሰጠው በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለሆነም ከወገራ ወይም ከዳባት ደጋ ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ ጎንደር ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ እንግሊዝኛ ካቃተው የሚቸገረው በአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም። ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም አብረው ይከብዱታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለነበር፣ ትምህርታቸው ተቋርጦባቸው የቆዩ ልጆች ጭንቀት እጥፍ ሆኗል።

እኔ ያደግሁት ከመድረሳ ወደ ቀለም ትምህርት ቤት እየተመላለስኩ ነው። ዛሬም እንግሊዝኛ ሳስተምር አንዱ «ኡስታዝ»፣ ሌላው «ቲቸር» እያለ ይጠራኛል። በዚህ መካከል አንድ ነገር ተገንዝቤያለሁ። ብዙ ወላጆች የመድረሳው ትምህርት ለእንግሊዝኛው ሸክም ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ነሕው የቀራ ልጅ የሰዋስው መሣሪያው በእጁ ነው። የጎደለው መሣሪያውን እዚህም እንዲጠቀምበት የሚያሳየው ሰው ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ደረሳ ስለ ወንድሙ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «ማይ ብራዘር ኢዝ ኤ ፋርመር። ኬም የስተርዳይ» አለ።

«የሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ፋዒል የት አለ?» አልኩት።

«ደሚር ሙስተቲር ነው ኡስታዝ፤ ውስጡ ተሸሽጓል» ሲል ሳያመነታ መለሰልኝ።

መልሱ በዐረብኛ ቢሆን ትክክል ነበር። «ጃአ» ስንል «ሁወ» የሚለው ተውላጠ ስም ውስጡ አለ። በአማርኛም «መጣ» ካልን «እሱ» ማለት አያስፈልግም። በእንግሊዝኛ ግን፣ «ጎ» ወይም «ሲት» ብለን ከምናዝበት በስተቀር፣ ባለቤቱ መሸሸግ የለበትም። «እንግዲያው አውጣው» ስለው «ሂ ኬም የስተርዳይ» ብሎ አስተካከለ። ለብዙ ጊዜ ያስቸገረው ነገር በአንዲት የነሕው ቃል ተፈታለት።

የቃላት ቅደም ተከተልም እንዲሁ ነው። በነሕው ትምህርት የታወቀውን ምሳሌ እንውሰድ፤ «ደረበ ዘይዱን ዐምረን»። ቃላቱን አዘዋውረን «ዐምረን ደረበ ዘይዱን» ብንል መቺው ያው ዘይድ ነው፤ ምክንያቱም ዶማና ፈትሓው ማን ፋዒል፣ ማን መፍዑል እንደሆነ ይነግሩናል። በአማርኛም «ዐምርን ዘይድ መታው» ብንል «ን» የተመታውን ታሳውቃለች። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ምልክት ለስሞች የለውም። «ዘይድ ሒት ዐምር» የሚለውን ብንገለብጠው ተመቺው መቺ ሆኖ ይገኛል። በእንግሊዝኛ ኢዕራቡ ቦታው ነው ብንል አንሳሳትም። ባለቤቱ ይቀድማል፣ ግሡ ይከተላል፣ ተሳቢው መጨረሻ ይመጣል።

«ዘይዱን ሙደሪሱን» ሲባል ሙብተደእና ኸበር ብቻቸውን ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ። ይህን የለመደ ልጅ «ዘይድ ቲቸር» ብሎ ቢጽፍ አይገርምም። አማርኛው ግን «ነው» ይላል፤ እንግሊዝኛውም «ኢዝ» ይፈልጋል። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚረዳው አማርኛው ነው። «ኤ» የምትለውንም ሳይረሳ «ዘይድ ኢዝ ኤ ቲቸር» ማለት አለበት። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል በአናባቢ ድምፅ ከጀመረ «ኤ» ወደ «አን» ይለወጣል። ዳኛው የሚሰማው ድምፅ እንጂ የተጻፈው ፊደል አይደለም፤ «አን አወር»፣ «ኤ ዩኒቨርሲቲ» እንላለን። «አሽ-ሸምስ» እና «አል-ቀመር» ሲል የ«አል»ን አነባበብ ተከታዩ ፊደል እንደሚወስነው ለሚያውቅ ልጅ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

አስገራሚው ነገር፣ የዐረብኛውን ግሥ በአሥራ አራት መልኩ የሚያረባ ልጅ የእንግሊዝኛዋን አንዲት ኤስ ይረሳል። «አይ ጎ፣ ዩ ጎ፣ ዊ ጎ፣ ዜይ ጎ» ካለ በኋላ ለ«ሂ»፣ ለ«ሺ» እና ለ«ኢት» ብቻ «ጎዝ» ማለት ነው። ሲጠይቅ ግን ኤሷን «ዳዝ» ስለሚወስዳት «ዳዝ ሂ ጎ?» ይላል።

ወደ ሥርዓተ ነጥብ ስንመጣ፣ ቁርኣን የቀራ ልጅ ስለ ማቆም ጥቅም ብዙ ሊነገረው አይገባም። ከቃላቱ በላይ የምትጻፈው ትንሿ ሚም «የግድ ቁም»፣ ላ ደግሞ «እዚህ አትቁም» እንደምትለው፣ ያለቦታው ማቆምም ትርጉም እንደሚያበላሽ ያውቃል። የአላህ ቃል ከሰው ጽሑፍ ጋር የሚነጻጸር ባይሆንም፣ በዚያ የተለመደው ጥንቃቄ ለማንኛውም ጽሑፍ ይጠቅማል። በአማርኛችንም «እናቴ አስተማሪ ናት» እና «እናቴ፣ አስተማሪ ናት» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ እናት ሲናገር ሁለተኛው እናትን ጠርቶ ስለ ሌላ ሴት ይነግራታል። ልዩነቱን ያመጣችው ነጠላ ሰረዟ ናት።

በአማርኛ «መጥቶ፣ በልቶ፣ ተኝቶ ሄደ» ብለን አንድ አራት ነጥብ መጨረሻ ላይ እናደርጋለን። በእንግሊዝኛ ግን የየራሳቸው ባለቤትና ግሥ ያላቸውን ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገሮች በኮማ ብቻ ማያያዝ ስሕተት ነው። ወይ በነጥብ ይለያሉ፣ ወይ ከኮማው ቀጥሎ «አንድ» ወይም «በት» ይገባል። በግዕዝም ሆነ በዐረብኛ ፊደል የማናውቀው ትልቁ ፊደል ደግሞ ለዐረፍተ ነገር መጀመሪያ፣ ለተጸውዖ ስም፣ ለቀናትና ለወራት፣ እንዲሁም «እኔ» ለማለት ለሚጻፈው «አይ» የግድ ነው።

ልጆች ይህን ሁሉ ሲሰሙ «እኛ እንግሊዞች አይደለንም» ይሉኛል። ሲበወይህም ዐረብ አልነበረም፤ ትውልዱ ፋርስ ነው። ሆኖም በሁለተኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን ያዘጋጀው «አል-ኪታብ» የዐረብኛ ሰዋስው ዋነኛ መሠረት ሆኗል። በቋንቋው ውስጥ ያልተወለደ ሰው ሌላው ሳያስተውል የሚያልፈውን ሁሉ ለምን እያለ ይጠይቃል።

ወላጆች ሆይ፣ እንግሊዝኛ ባናውቅም ልጆቻችንን መርዳት እንችላለን። ማታ ደብተሩን አስከፍተን የጻፈውን ያንብብልን። ከዚያም በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ «ማን ነው? ምን አደረገ? የት ላይ አበቃ?» ብለን እንጠይቀው። መልሱን በአማርኛ ነግሮን በደብተሩ ላይ ደግሞ በጣቱ ያሳየን። ማሳየት ያቃተው ቦታ ላይ ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል።